ከድባቴ ስወጣ ቤተሰባችን የለመዳቸው ነገሮች

እናቴ ካረፈች በኋላ ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፤ «አታስቢ»። ለቅሶ የደረሰው ጎረቤት፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ፣ ከሩቅ አገር የሚደውለው ዘመድ ሁሉ «አታስቢ፣ ልጆችሽን ተመልከቺ» ብሎ ይሰናበተኛል። በክፋት የተናገረኝ አንድም ሰው የለም። ነገር ግን ላለማሰብ ምን እንደሚደረግ የነገረኝ አልነበረም። አርባዋ ወጥቶ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ከተመለሰ በኋላም ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዓይኔ ይገለጥና እስኪነጋ ከሆዴ ጋር ስሟገት አድራለሁ። ምግብ ጣዕሙ ጠፋኝ። ልጆቼ ሲስቁ ድምፃቸው ይረብሸኝ ጀመር። በዚያው ዓመት ደግሞ ተወልጄ ካደግሁበት ከልደታ ሰፈር ተነስተን በ20/80 ዕጣ ወደ ደረሰን፣ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ሕንጻው ሙሉ ሰው ነው፤ በሩ ሁሉ ግን ዝግ ነው።

ጤና ጣቢያ የሄድኩት «ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል፣ ወገቤን ይይዘኛል» ብዬ ነው። ደም ተመረመርኩ፤ ምንም አልተገኘም። የመረመረችኝ ነርስ ግን በዚያ አላበቃችም። ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግቤ፣ ድሮ ያስደስተኝ የነበረ ነገር አሁንም ያስደስተኝ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀችኝና ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ላከችኝ። ድባቴ (ዲፕሬሽን) ነው ተባልኩ። ድባቴ ብዙ ጊዜ በራስ ምታት፣ በጀርባ ሕመምና በድካም ተሸፍኖ ወደ ሐኪም ቤት እንደሚመጣ ያወቅሁት ያኔ ነው። መድኃኒት ተጀመረልኝ፤ የምክር ቀጠሮም ተያዘልኝ።

የምትከታተለኝ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድማ ያስያዘችኝ ነገር አለ። ድባቴ ያለበት ሰው «ደስ ሲለኝ እነሳለሁ፤ ሲሻለኝ ሰው ቤት እሄዳለሁ» ብሎ ይጠብቃል፤ ደስታው ግን ቀድሞ አይመጣም። መጀመሪያ ሥራው ይሠራል፣ ስሜቱ ቀስ ብሎ ይከተላል። ስለዚህ ፍላጎት እስኪመጣ ሳይጠበቅ ትንንሽ ነገሮችን በሰዓታቸው ማድረግ ነው። ይህ ምክር ለእኔ ብቻ የተሰጠ ቢሆንም የሠራው ለቤተሰቡ ሁሉ ነው። እኔ ስታመም ባለቤቴም ዝም ብሎ ነበር፤ የ12 ዓመቱ ልጄ በትንሽ በትልቁ ይቆጣ ነበር፤ የ7 ዓመቷ ልጄ ደግሞ እኔ ከሌለሁ አልተኛም ትል ነበር። ቁጭ ብለን «እንወያይ» ብንል ኖሮ አንዳችንም የምንናገረው አልነበረንም። በቤታችን መጀመሪያ የተለወጠው ሰዓታችን ነው፤ ወሬውም፣ መግባባቱም፣ ሳቁም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው በቤቱ ተመሳሳይ ነገር ያለበት ሰው ከምን እንደሚጀምር እንዲያውቅ ነው።

ከመነሻ ሰዓት ልጀምር። እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚጨነቀው ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ነው። ባለሙያዋ ግን «የምትተኚበትን ሰዓት ለጊዜው ተዪው፤ የምትነሺበትን ወስኚ» አለችኝ። 12 ሰዓት አልኩ። ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ፣ ቅዳሜም ሆነ እሑድ፣ 12 ሰዓት ላይ እነሳለሁ፤ መስኮቱን እከፍታለሁ፤ በረንዳ ላይ እወጣለሁ። ሰውነታችን የራሱ የጊዜ መቁጠሪያ አለው፤ የሚስተካከለውም በዋናነት በብርሃን ነው። ጠዋት ዓይናችን የሚያገኘው ብርሃን ቀኑ መጀመሩን ለአንጎል ይነግረዋል፤ ማታ እንቅልፍን የሚያግዘው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በጊዜው እንዲመጣም ያደርጋል። በዚህ በኩል እግዚአብሔር ያደለን ሰዎች ነን። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች። ስዊድንና ኖርዌይ ያሉ ዘመዶቻችን በታኅሣሥ የሚናፍቁት የጠዋት ፀሐይ እኛ ዘንድ በነፃ በረንዳችን ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ አልጋ ላይ ሆኖ ከእንቅልፍ ጋር አለመታገል ነው። 20 ደቂቃ ያህል ተገላብጬ እንቅልፍ ካልወሰደኝ ተነስቼ ወደ ማድ ቤት እሄዳለሁ። አልጋ ላይ እየተጨነቁ መቆየት አንጎልን አልጋና ጭንቀት አንድ ናቸው ብሎ እንዲለምድ ያደርገዋል። ማድ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ሰፌዱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጠጠሩን ወደ አንድ ጎን፣ እንክርዳዱን ወደ ሌላ ጎን፣ ምስሩን ወደ መሐል እገፋለሁ። እጅና ዓይን ሥራ ሲይዙ ሐሳብ እንደ ልቡ መሮጥ አይችልም። ዓይኔ ሲከብድ ሰፌዱን እንዳለ ትቼ እመለሳለሁ። ምስር ባይሆን ጥጥ መፍተል፣ ልብስ ማጠፍ፣ ጥልፍ መጥለፍ ይሆናል። ስልክ ግን አይሆንም።

ቡና አቁሙ የሚል ሰው በአገራችን ሰሚ አያገኝም፤ እኔም አልልም። ሰዓቱን ግን አስቡበት። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከሰው ሰው ቢለያይም ልኩ ይህ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ የቡናው ግማሽ ገና በደሙ ውስጥ አለ ማለት ነው። ቤታችን ቡና የሚፈላው ከሥራ ስንመለስ ማታ ነበር። አሁን በሥራ ቀን ጠዋት ብቻ ሆኗል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቢዘገይ 9 ሰዓት ላይ ይጠጣል። ሻይ ቅጠልም ካፌይን ስላለው ማታ ማታ የምንጠጣው የጦስኝ ሻይ ነው። እንቅልፌ በመድኃኒቱና በእነዚህ ነገሮች ነው የተመለሰው። የትኛው ምን ያህል እንደሠራ መለየት አልችልም፤ አንዱንም ግን መተው አልፈልግም።

ወደ ስልኩ ልምጣ። ሐሳቡን የሰጠኝ ልጄ ነው። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ በሻማ ተቀምጠን ሳለ፣ «እማዬ፣ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኛል» አለ። ለምን ስለው «ሁላችሁም እዚህ ናችሁ» አለኝ። አንጀቴን በላው። መብራት ሲኖር ቤት ውስጥ የሌለን ይመስለው ነበር ማለት ነው፤ ውሸትም አልነበረውም። ባለቤቴ ከሥራ መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ ዜና ይከፍታል። እኔም አልጋ ላይ ሆኜ ፌስቡክና ቲክቶክ ሳገላብጥ እመሻለሁ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ላይ የወረደውን መከራ ሁላችንም እናውቀዋለን። ያንን ሁሉ ምስልና ጩኸት ከመኝታ በፊት በዓይን መሙላት፣ ለሟች ምንም ሳይጠቅም የተኛውን ሰው ሌሊት ይወስዳል። ስለ አገር ማሰብ ግዴታ ነው፤ ዜናውን ግን በቀን ብርሃን፣ ቁጭ ብሎ፣ ከታመነ ምንጭ መስማት ይቻላል። እኛ የምንሰማው ጠዋት ነው።

እናቴ የተወችልኝ ክዳን ያለው ሙዳይ አለኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን የሁላችንም ስልክ እዚያ ይገባል። ለሥራ የሚፈለገው የባለቤቴ ስልክ ድምፁ አይጠፋም፤ ከተደወለ አንስቶ ይመልስና ስልኩን ወደ ቦታው ይመልሳል። ልጄ መጀመሪያ ላይ «የቤት ሥራ በቴሌግራም ይላካል» ብሎ ተከራከረ፤ እውነቱን ስለሆነ ከ2 ሰዓት በፊት አይቶ በደብተር እንዲገለብጠው ተስማማን። ይህን የሚሞክር ሰው አንድ ነገር ያድርግ፤ ከመርካቶ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይግዛ። ስልክ ወደ መኝታ ቤት የሚመለሰው ሁልጊዜ «ማንቂያዬ ነው» በሚል ሰበብ ነው። ሕፃናት ላላቸው ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ቢቀንስ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ልጅ እንዲበላ ስልክ ከፍቶ መስጠት በየቤቱ ተለምዷል። እናቶች ብቻቸውን ሆነው ሥራ ሲበዛባቸው እንደሚያደርጉት ስለማውቅ አልፈርድም፤ ልጁ የሚጎርሰውን ሳያውቅ እንደሚበላ ግን ማንም ቁጭ ብሎ ቢያይ ያየዋል።

ማዕዱም ተመለሰ። ከዚያ በፊት ልጆቹ ቀድመው በየሰሃናቸው ቴሌቪዥን ፊት ይበላሉ፤ ባለቤቴ ሲመጣ ለብቻው ይቀርብለታል፤ እኔ ማድ ቤት ቆሜ እቀምሳለሁ። አሁን ለልጆቹ 11 ሰዓት ላይ ቆሎ ወይም ዳቦ በሻይ መክሰስ ይሰጣቸውና አባታቸውን ይጠብቃሉ። 1 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ትሪ ይቀርባል፤ አራታችንም ከዚያ እንበላለን። የተለየ ምግብ አያስፈልግም፤ ሽሮ ነው፣ ጎመን ነው፣ የተገኘው ነው። ከአንድ ትሪ ሲበላ እጅ ለእጅ ይገናኛል፤ አኩርፎ የተቀመጠ ሰው እንኳ ጉርሻ ሲመጣለት አፉን ይከፍታል።

ማዕድ ላይ የማይነሱ ነገሮችን ወስነናል። የፈተና ውጤት፣ ዕዳ፣ ቅጣት አይነሳም። ልጅ «ዛሬ ትምህርት እንዴት ነበር?» ሲባል «ደህና» ብሎ ይዘጋል፤ ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ መያዣ የለውም። የምንጠይቀው ትንሽና የሚጨበጥ ነገር ነው፤ «በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ተጫወትክ?» «ዛሬ ማን አለቀሰ?» «አስተማሪዋ ምን ዓይነት ልብስ ለብሳ መጣች?» ትንሿ ልጄ «ዛሬ ማን ወደቀ?» ስትባል ትምህርት ቤቱን ሁሉ ይዛው ትመጣለች። የወንዱ ጉዳይ ግን አንድ ቀን ዳቦ እየቆረሰ በተናገረው ቃል ነው የተገለጠልን። «ከማን ጋር ተቀመጥክ?» አለው አባቱ። «ከማንም» አለ። ሰፈር ስንቀይር ትምህርት ቤትም ቀይሮ ነበርና በእረፍት ሰዓት ብቻውን ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ ኖሯል። ቁጣው ሁሉ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባን። አባቱ ምክር አልሰጠውም፤ «ከባድ ነው» ብቻ ብሎት አጎረሰው። በሳምንቱ ከክፍሉ ልጆች አንዱን ቅዳሜ ቤት እንዲጠራ ነገርነው፤ ኳስም እዚያው ኮንዶሚኒየሙ መሐል ባለው ሜዳ ተጀመረ። ልጁ ችግሩን ሊነግረን ይችል የነበረ ልጅ ነው፤ የሚነግርበት ቦታ ነው ያልነበረው።

ልጆቹ የሚተኙት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋቸዋል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ለሚነሳ ልጅ ሒሳቡ ራሱ መኝታውን ይነግረናል። አባታቸው ተረት ያወራላቸዋል። ትንሿ ልጄ ያለ እኔ መተኛት የጀመረችው በአባቷ ተረት ነው፤ አንዳንድ ቀን ያንኑ ተረት ስለሚደግመው የተሳሳተበትን ታርመዋለች።

ስለ ባለቤቴ ልጻፍ፤ ምክንያቱም በእኛ አገር የወንድ ድባቴ ስም የለውም። ወንድ ሲከፋው «ተለወጠ»፣ «ቤት አይጥመውም» ይባላል እንጂ ታመመ አይባልም። ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ «ምን ሆነሃል? ንገረኝ» ስለው «ምንም» ይለኛል። የሚናገረው ጎን ለጎን ስንሆን ነው። እየተራመድን፣ ወይም እሱ የተበላሸ የውሃ ቧንቧ እየጠገነ እኔ ባትሪ ስይዝለት። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ እጅ ሥራ ላይ ሆኖ የሚወጣ ቃል አለ። ይህን ካወቅሁ በኋላ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ታክሲ ትተን በእግር እንመጣለን። የእናቴን ሞት እሱም እንዴት እንዳዘነበት የነገረኝ በዚያ መንገድ ላይ ነው። እናቴ ለእሱም እናት ነበረች፤ እኔ በራሴ ሐዘን ተይዤ ሳለ የሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ገንዘብ ደግሞ የራሱ ቀን ተሰጠው። ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ልጆቹ ውጭ ሲጫወቱ ደብተር ይዘን እንቀመጣለን፤ የባንክ የቤት ብድር ክፍያ፣ የትምህርት ቤት፣ እድር፣ እቁብ፣ የጤፍ፣ የትራንስፖርት። ኑሮ ውድ ነው፤ ደብተር ገቢ አይጨምርም። የሚያደርገው ነገር ግን አለ። ጭንቀቱ በየማታው ተበታትኖ ከመምጣት ይልቅ ወደ አንድ ሰዓት ይሰበሰባል። ማክሰኞ ማታ «ብሩ አለቀ» የሚል ሐሳብ ሲመጣብኝ ደብተሩ ላይ ጽፌ «ቅዳሜ» እላለሁ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደግሞ ክርክር የለም፤ ምንም ያህል አጣዳፊ ቢመስል። የደከመ ሰው ማታ የሚናገረውን ጠዋት አይናገረውም፤ በትዳር ውስጥ የማይረሱት ቃላት አብዛኞቹ የሚወጡት በዚያ ሰዓት ነው።

ስለ እንቅስቃሴ ብዙ አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ፈጠን ብሎ መራመድ በቂ ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት በእግር ማድረስና አንድ ፌርማታ ቀድሞ ከታክሲ መውረድ ያንን ይሞላል። አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነፃ ቀን በሚካሄድባቸው እሑዶች ልጆቹን ይዘን አስፋልት ላይ ወጥተናል፤ ሁልጊዜ «ተጠንቀቅ! መኪና!» የሚባል ልጅ መሐል መንገድ ላይ ሲሮጥ ማየት ለእናት ሆድ ጥሩ ነው።

ከሁሉ በላይ የከበደኝ ጎረቤት ማጣቱ ነበር። ልደታ እያለን ጨው ሲያልቅ በአጥር ላይ ይጠራል፤ ሰው ሲታመም ሳይጠሩት ይመጣል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ በራሱ አይመጣም፤ መጀመር አለበት። ባለሙያዋ በሳምንት አንድ በር አንኳኪ አለችኝ። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንዲት የወሎ እናት ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ቆልቼ ሽታው ደረጃውን ሲሞላ ወርጄ አንኳኳሁ። «እማማ፣ ቡና ይጠጡልኝ» አልኳቸው። «አንቺ ነሽ እንዴ ሌሊት ሌሊት ማድ ቤት መብራት የምታበሪው? ለሱብሒ ስነሳ አየዋለሁ» አሉኝ። ለካ በዚያ ሁሉ ሌሊት የሚያየኝ ሰው ነበር። ስለ እናቴ ጠየቁኝ። «አታስቢ» አላሉኝም፤ «ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» ነው ያሉኝ። ከአቦል እስከ በረካ ስለ እናቴ አወራሁ። ሲነሱ ዱዓ አድርገው መረቁኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አንድ ቀን እኔ ዘንድ፣ አንድ ቀን እሳቸው ዘንድ ነው፤ ሌሎች ሁለት ጎረቤቶችም ገብተዋል።

ይህ የእናቶች መደማመጥ ተራ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በዚምባብዌ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በአገራቸው የባለሙያ ቁጥር እጅግ አነስተኛ መሆኑን አይተው ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አያቶችን አሠለጠኑ። አያቶቹ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያዳምጣሉ፤ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግለት ያግዙታል። ውጤቱ በጥናት ተፈትሾ የድባቴና የጭንቀት ምልክቶችን እንደሚቀንስ ታይቷል። እኛ አገር አግዳሚው ወንበር ረከቦቱ ፊት ያለው በርጩማ ነው፤ ሥልጠና የሌላት ጎረቤት እንኳ ሳታቋርጥና ሳትፈርድ ማዳመጥ ትችላለች። የሰማችውን ደግሞ ደረጃው ላይ አታውራው። ይህን ያልጠበቀ ቡና ከቡናው የሚመጣውን መልካም ሁሉ ያጠፋዋል።

ታናሽ እህቴ ጅዳ የቤት ሠራተኛ ናት። የእናታችንን ሞት የሰማችው በስልክ ነው፤ ለቅሶ ሳትቀመጥ፣ ሰው ሳያስተዛዝናት፣ በማግስቱ ሥራዋ ላይ ናት። በዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ሐዘናቸውን እንደዚህ ነው የሚውጡት። ጅዳና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ ዓርብ፣ እሷ ዕረፍት ባላት ቀን፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ በቪዲዮ እንገናኛለን። ልጆቹ ስልኩን ይዘው ቤቱን ያስጎበኟታል፤ የሳምንቱን ጥርስ መንቀል፣ የአበባውን ማበብ ያሳዩዋታል። የወሰንነው አንድ ሕግ አለ፤ በዚያ ጥሪ ላይ ስለ ብር አይነሳም። ገንዘብ የሚመለከት ነገር ካለ በሌላ ቀን፣ በጽሑፍ። ውጭ ያለ ዘመድ ስልኩ በጮኸ ቁጥር «አሁን ደግሞ ምን ተፈለገ?» ብሎ ልቡ እንዲመታ ማድረግ ግፍ ነው። እህቴ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓርብ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ አብረናት አለቀስን፤ የእናታችንን ለቅሶ ያኔ ነው የተቀመጠችው።

ሕክምናን በተመለከተ በግልጽ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። የዘረዘርኳቸው ልማዶች መድኃኒትን የሚተኩ አይደሉም። የድባቴ መድኃኒት በተጀመረ በነጋታው አይሠራም፤ ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው በዚህ መሐል ነው። ሲሻላቸውም በራሳቸው ሥልጣን የሚያቆሙ አሉ፤ ማቆም ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ፣ ቀስ በቀስ ነው። እኔ ጸበልም እጠመቃለሁ፤ የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው «ጸበሉን ተጠመቂ፣ መድኃኒትሽንም በሰዓቱ ዋጪ፤ ሁለቱንም የሰጠ እሱ ነው» ብለውኛል። ጸሎትና ሕክምና ተጣልተው አያውቁም፤ የምናጣላቸው እኛ ነን።

ራሳችሁን ወይም የቤተሰብ አባልን ተመልከቱ። ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን የከፋው፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ያስጠላው፣ እንቅልፉና ምግቡ የተዛባ፣ ራሱን የሚወቅስ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ካለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከሰማችሁ ቃሉን አትለፉት። በቀጥታ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይልቁንም ብቻውን የተሸከመውን እንዲያወርድ በር ይከፍታል። ከዚያም ብቻውን አትተዉት፤ መርዝ፣ የተከማቸ መድኃኒት፣ ገመድ ከአካባቢው አርቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት። አዲስ አበባ ውስጥ ረጅም ዘመን ያገለገለው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ከከተማ ውጭ ያለ ሰው በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ወይም አጠቃላይ ሆስፒታል መጀመር ይችላል።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ልጀምር የሚል ሰው ይደክመዋል። እኛ ቤት አንዱ ሳይለመድ ሌላው አልተጨመረም፤ መነሻ ሰዓቱ ቀድሞ፣ ትሪው ቀጥሎ፣ ሙዳዩ ከዚያ በኋላ። የሚፈርስበት ጊዜም አለ። በበዓል፣ በፈተና ሰሞን፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሰው ሲታመም ሁሉም ነገር ይዛባል። በሁዳዴ ባለቤቴና እኔ እስከ ከሰዓት ስለምንጾም የምግብ ሰዓታችን ይቀየራል፤ የጎረቤቴ እማማም በረመዳን ሌሊቱን ለሱሑር ይነሳሉ። በእንዲህ ያለው ሰሞን አንድ ነገር ብቻ ይዘን እንቆያለን፤ እሱም ማታ አራታችንም አንድ ትሪ ላይ መቀመጣችን ነው። ሰሞኑ ሲያልፍ ከመነሻ ሰዓቱ እንደገና እንጀምራለን።